ጅቡ በላ ወይስ ተበላ?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፦ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

አማርኛ የማስተምር መምህርት ነኝ። የማስተምረው 6ኛ እና 7ኛ ክፍል ነው። ለጋዜጣ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። የጻፈችው የ12 ዓመት ተማሪዬ ናት።

ታሪኩ የጅብና የአህያ ነበር። ጅቡ አህያዋን ሲያሳድዳት ያመሻል። አህያዋ ትሮጣለች፣ ትወድቃለች፣ ተነስታ እንደገና ትሮጣለች። ልጅቷ ገጽ ተኩል ሞልታ ስታበቃ በዚህ ዘጋችው፦ «በመጨረሻም ጅቡ ይበላል።»

ደብተር ተለዋውጠው ጮክ ብለው እንዲያነቡ አድርጌ ነበር። የጎኗ ልጅ ተነስቶ አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ «ይበላል»ን አላልቶ፣ «በ»ን ሳይጫን አነበበው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ውይ፣ ምስኪን አህያ!» አለ። ባለታሪኳ ግን ከመቀመጫዋ ዘላ ተነሳች። «እንዴ! አህያዋ መች ሞተች? አንበሳ መጥቶ ጅቡን በላው እኮ!»

«የታለ የጻፍሽው ታዲያ?» አላት።

ደብተሯን ቀማችው። ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ አጥብቃ አነበበችው። ከዚያ ዝም አለች። ፊደሉ ያው ነው። እሷ አጥብቃ ያሰበችውን እሱ አላልቶ አነበበባት። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አያሳይም። ይህን ስንት ጊዜ ነግሬአቸዋለሁ! የገባቸው ግን ያን ቀን ነው።

ጠመኔ አነሳሁና «ጅቡ ይበላል» ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። «አንባቢው እንዳይሳሳት ምን እናድርግ?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍሉ በተነሡ እጆች ተሞላ። አንዱ «ጅቡ በአንበሳ ይበላል ይባል» አለ። ሌላዋ «አንበሳው ጅቡን ይበላዋል ይሻላል» አለች። ከኋላ የሚቀመጥ፣ ብዙም የማይናገር ልጅ «በቃ ‹ተበላ› ትበል» አለ።

ባለታሪኳ አሰብ አደረገች። አንበሳው አስቀድሞ እንዲታወቅባት አልፈለገችም። አንባቢው እንዲደነግጥላት ነው የፈለገችው። አቀርቅራ ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ደግማ ጻፈች። ከዚያ ተነስታ አነበበችልን፦ «ጅቡ የአህያዋን ጅራት ሊይዝ አንድ ክንድ ቀረው። ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ነገር አገሣ። አህያዋ ዞራ አላየችም። ጅቡ ግን አየ። ጅቡ ተበላ።»

ክፍሉ አጨበጨበላት።

በዚያች ሩብ ሰዓት ውስጥ አድራጊና ተደራጊ ግስን ተማርን። ባለቤትና ተሳቢን ተማርን። «በአንበሳ» ውስጥ ያለችው «በ» ምን እንደምትሠራ አየን። ኀላፊ ጊዜ ከአሁኑ ጊዜ በምን እንደሚለይ፣ ለምን አንዱ ለታሪክ መዝጊያ እንደሚመች ተከራከርን። አንዱንም ትርጉም አላጻፍኳቸውም።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልናገር። ከዚያ አንድ ወር በፊት ያንኑ ምዕራፍ አስተምሬ ነበር። «ተደራጊ ግስ ማለት…» ብዬ ጽፌ፣ አስገልብጬ፣ አምስት ምሳሌ ሰጥቼ፣ ፈትኜ ነበር። ይህችው ልጅ ከ10 ያገኘችው 9 ነው። ተደራጊውን ግስ ከዐረፍተ ነገር ውስጥ አውጥታ ታሰምርበታለች። የራሷ ጅብ ሊበላ ሲል ግን ያ እውቀት አብሯት አልነበረም። ስሙን ታውቀው ነበር፣ ሥራውን አላየችውም።

የምለው ነገር ይኼው ነው። ሰዋስውን ልጆች ራሳቸው በሚጽፉት ታሪክ ውስጥ እናስተምር። ሥራው ይቅደም፣ ስሙ ይከተል።

እኔም ብዙ ዓመት እንዲህ አላደረግሁም። ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ እያልኩ በተራ ነበር የማስተምረው። ልጆቹ በዜማ ይሉታል። ድርሰት የምሰጣቸው ከዓመቱ መጨረሻ አካባቢ፣ ጊዜ ከተረፈኝ ነው። ሰዋስው ሳይችሉ እንዴት ይጽፋሉ ብዬ አምን ነበር።

አንድ ልጅ ከልቤ አይጠፋም። ስለጠፋበት ውሻ ሁለት ገጽ ጻፈልኝ። ውሻው የጠፋበትን ማታ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደተኛ፣ ነፋስ በሩን ባንኳኳው ቁጥር እንደተነሳ ጽፏል። እኔ ምን አደረግሁ? ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳሁ። የፊደል ግድፈቱን፣ የጎደለውን «ን»፣ የተረሳውን አራት ነጥብ፣ ሁሉንም አከበብኩ። ሁለቱም ገጽ ቀይ በቀይ ሆነ። ከታች «ለሰዋስው ተጠንቀቅ» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ውሻው አንድ ቃል አላልኩትም።

በሚቀጥለው ጊዜ ሦስት መስመር ጽፎ አመጣልኝ። አንድም ስሕተት የለበትም። ውስጡም ምንም የለበትም። ያ ልጅ ስሕተት ላለመሥራት የሚያስችለውን ብቸኛ መንገድ አግኝቷል፤ አለመጻፍ። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ የእኔ የግል ስሜት ብቻ እንዳይመስልዎ። እ.ኤ.አ. በ1963 በአሜሪካ ሪቻርድ ብራዶክና ሁለት ባልደረቦቻቸው እስከዚያ ጊዜ ድረስ ስለ ጽሕፈት ትምህርት የተሠሩ ጥናቶችን ገምግመው ነበር። ሰዋስውን ነጥሎ ማስተማር የልጆችን ጽሑፍ አያሻሽልም፣ የመጻፊያ ጊዜያቸውን ስለሚሻማም ሊጎዳ ይችላል አሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 ስቲቭ ግራሃም እና ዶሎረስ ፔሪን ከ4ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ባሉ ተማሪዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶችን አሰባስበው አዩ። ተነጥሎ የሚሰጥ የሰዋስው ትምህርት አሁንም ለጽሑፋቸው አልበጀም። አጫጭር ዐረፍተ ነገሮችን እያጣመሩ ረዘም ያለና የተሰካካ ዐረፍተ ነገር መሥራት ግን በጅቷል።

ይህን ሰምተው «እንግዲያው ሰዋስው ይቅር» የሚሉ አሉ። እኔ ከእነሱ ጋር አይደለሁም። በእንግሊዝ አገር ኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ ደብራ ማይሂል እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ያሳተሙት ጥናት ሌላ ነገር ያሳያል። እነሱ ሰዋስውን ከጽሕፈት ትምህርቱ ጋር አብረው ሰፉት። ይህ አገባብ አንባቢው ላይ ምን ያደርጋል እያሉ አስተማሩ። የልጆቹ ጽሑፍ ተሻሻለ። ስለዚህ ጥፋቱ የሰዋስው አይደለም፣ የአቀራረባችን ነው።

ደግሞስ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነው? የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን ተምሮ እስኪጨርስ ድረስ ቅኔ አትቁጠር፣ ማለትም አትድረስ፣ አይባልም። ሁለት ቤት ብቻ ባለው አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርመዋል፣ ነገ ደግሞ አዲስ ይቆጥራል። አገባቡ የሚገባው የራሱ ቅኔ ላይ ሲታረም ነው። ሰዋስው ራሱ በግዕዝ መሰላል ማለት ነው። መሰላል ደግሞ የሚወጡበት ነገር ነው።

አሁን ክፍል ውስጥ የማደርገውን ላጫውትዎ። ሌሎች መምህራን ቢሞክሩት ደስ ይለኛል።

ጃኒ ሮዳሪ የሚባል ጣሊያናዊ የልጆች ደራሲ ነበር፣ አስተማሪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አብረው የማይሄዱ ሁለት ቃላትን ማጋጨትን ያስተምራል። ምሳሌው ውሻና ቁምሳጥን ነው። ሁለቱን ቃላት በመስተዋድድ እያገናኙ ታሪክ መፈለግ ነው። እኔ በአማርኛ ስሞክረው እንዲህ ሆነልኝ፦ ውሻው ቁምሳጥኑ ውስጥ። ውሻው ቁምሳጥኑ ላይ። የውሻው ቁምሳጥን። ውሻው ከነቁምሳጥኑ። ቁምሳጥን የሌለው ውሻ። እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለው። «ውስጥ» ሲሆን ማን ቆለፈበት ብለው ይጠይቃሉ። «የውሻው» ሲሆን ውሻው ስንት ልብስ አለው ይላሉ። «ከነቁምሳጥኑ» የምትለዋ «ከነ» ደግሞ ክፍሉን ሁሉ አሳቀች፤ አንዲት ልጅ ቁምሳጥኑን ጀርባው ላይ ተሸክሞ ቤት የሚቀይር ውሻ ጻፈች። መስተዋድድን እንደዚያ ቀን ተደስቼ አስተምሬ አላውቅም። ትርጉሙን በመጨረሻ ሰጠኋቸው፣ አንድ መስመር ነው። ወዲያው ያዙት።

ሌላው የምወደው ስም የለሽ ታሪክ የምንለው ነው። ሕጉ ቀላል ነው። በስድስት ዐረፍተ ነገር ታሪክ ጻፉ። የሰው ስም አይኖርም። እሱ፣ እሷ፣ እነሱ ማለትም አይቻልም። በአማርኛ ይህ ይቻላል፤ ግሳችን ማን እንደሠራውም በማን ላይ እንደተሠራም ይነግረናልና። «አልነገርኳትም» የምትለውን አንዲት ቃል ሰሌዳ ላይ ጽፌ እንፈታታታለን። እኔ አለሁበት፣ እሷ አለችበት፣ መንገር አለበት፣ አለመሆኑም አለበት። ልጆቹ የራሳቸውን ቋንቋ እንደ አዲስ ያዩታል።

አንድ ልጅ እንዲህ ጻፈ፦ «ጠራችው። አልሰማትም። ደግማ ጠራችው። ዞረ። ሳቀችበት። ተናደደ።» ማን ማን እንደሆነ ወለል ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ሁለት እህትማማቾችን የመረጠች ልጅ ተነስታ ጀመረች፦ «ነገረቻት። አላመነቻትም። መታቻት። አለቀሰች።» ክፍሉ ተንጫጫ። «ማን ናት የመታችው?» «ማን ናት ያለቀሰችው?» ልጅቷ ግራ ገባት። እሷ ውስጥ ያለው ምስል ግልጽ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ግን የለም። ሁለቱም ሴቶች ሲሆኑ የግሱ ምዕላድ፣ ማለትም ማን እንደሠራው የሚያሳየው የግሱ ቁራጭ፣ ብቻውን አይለያቸውም። «እንግዲያው ስም ያስፈልገኛል» አለች። እንዲህ ስትል ስም ለምን እንደተፈጠረ ገባት። ትልቋና ትንሿ ብላ ለየቻቸው፣ ታሪኩም ግልጽ ሆነ።

«ን»ንም እንዲሁ ነው። «ልጁ ውሻውን ነከሰው።» «ልጁን ውሻው ነከሰው።» የቃላቱን ቅደም ተከተል አልነካንም። አንዲት ፊደል ከቃል ወደ ቃል ተሻገረች፣ የተነከሰው ሌላ ሆነ። ይህን ያየ ልጅ «ን»ን ሲጥላት አይቼ ብነግረው አይከፋውም። «ኧረ ቲቸር፣ ልጁ ውሻውን ነክሶት ቀረ» ይለኛል ራሱ።

ስለ ቦዝ አንቀጽ፣ ብቻውን ዐረፍተ ነገር ስለማይዘጋው ግስ፣ ደግሞ ትንሽ ልበል። ልጆቻችን ሲጽፉ «ተነስቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ልብሱን ለብሶ፣ ቦርሳውን ይዞ፣ በሩን ከፍቶ፣ ወጥቶ፣ ጓደኛውን አግኝቶ…» እያሉ ይሄዳሉ። አንድ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ 14 ቆጠርኩ። ማሰሪያ የለውም። ልጁን «እሺ፣ ከዚያስ ምን ሆነ?» አልኩት። ረስቶታል። ማሰሪያ አንቀጽ ለምን ማሰሪያ እንደተባለ ያኔ አወራን። ያልታሰረ ሸክም ይበተናል።

ይሁን እንጂ ቦዝን አታብዙ ብዬ አላለፍኩም። ሁለት ሥዕል ሰጠኋቸው። አንዱ ሌባ ሲያመልጥ ነው፣ ሌላው ጨለማ ቤት የገባች ልጅ። የሌባውን በቦዝ ደርድሩት አልኩ። «አጥሩን ዘሎ፣ መንገዱን አቋርጦ፣ ሰው ገፍቶ፣ ጥግ ይዞ ተሰወረ።» ይሮጣል። የልጅቷን በአጭር በአጭሩ እሰሩት አልኩ። «ገባች። ቆመች። አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ። ትንፋሿን ዋጠች።» ያስፈራል። ከዚያ አቀያየርናቸው። ሌባው ዘገመ፣ ጨለማው ቤትም ማስፈራቱ ቀረ። አገባብ ለምርጫ እንደሆነ ለ12 ዓመት ልጅ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

ሥርዓተ ነጥብን የማስተምረው በትንፋሽ ነው። ደራሲው ዝም ይላል፣ ሌላ ልጅ ያነብለታል። አንባቢው ነጠላ ሰረዝ ላይ ቆም ማለት ይችላል፣ መተንፈስ የሚፈቀድለት ግን አራት ነጥብ ሲያገኝ ብቻ ነው። ገጹን ሙሉ አራት ነጥብ የሌለው ጽሑፍ የደረሰው ልጅ ፊቱ እስኪቀላ ያነብባል። ባለጽሑፉ ደብተሩን ተቀብሎ ነጥቦቹን ማስገባት ይጀምራል። እኔ ምንም አልተናገርኩም።

«ክፍሉ እኮ ብዙ ተማሪ ነው፣ በምን ጊዜ ይታረማል?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ እኔም 56 ተማሪ አለኝ። ሁሉንም በየሳምንቱ አላርምም። በሳምንት 14 ደብተር እወስዳለሁ፣ በአራት ሳምንት ሁሉም ይደርሳቸዋል። የቀሩት ለጓደኛ ይነበባሉ። ለእያንዳንዱ ታሪክ አንድ ነገር ብቻ ነው የማርመው። ዛሬ «ን» ከሆነ «ን» ብቻ ነው። ሌላውን ስሕተት አይቼ አልፈዋለሁ። መጀመሪያ ላይ እጄን ይበላኝ ነበር፣ አሁን ለመድኩት። ከእርማቱ በፊት ደግሞ ስለ ታሪኩ አንድ ቃል እጽፋለሁ። «ነፋሱ በሩን ሲያንኳኳ እኔም ደነገጥኩ» ዓይነት። ለዚያ ልጅ ሳልጽፍለት የቀረሁትን ማለቴ ነው።

አንድ ያልተፈታልኝ ነገር አለ። የኤክሰተሮቹ ጥናት ይበልጥ የተጠቀሙት ቀድሞውኑ ደህና የሚጽፉት ልጆች እንደሆኑ ያሳያል። እኔም ክፍል ውስጥ ያየሁት ይህንኑ ነው። ፊደል መቁጠር ገና የሚከብደው ልጅ የትኛው ግስ ያስፈራል ተብሎ ሲጠየቅ ይጨነቃል። ለእነሱ ታሪኩን በቃል አስነግራቸዋለሁ። ጓደኛቸው ይጽፍላቸዋል። ከዚያ የራሳቸውን ንግግር ከወረቀት ላይ ያነባሉ። ዝግ ያለ ነው፣ ግን ይሄዳል። ከእኔ የተሻለ ዘዴ ያለው መምህር በዚሁ ጋዜጣ ቢጽፍልኝ ውለታው ነው።

ዋናው እንቅፋታችን ግን ፈተናው ነው። «ከሚከተሉት ውስጥ ቦዝ አንቀጽ የሆነው የቱ ነው?» ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ፈተናው እንዲህ እስከሆነ ድረስ ወላጅም፣ ተማሪም፣ መምህርም የሚሮጠው ለዚያ ነው። አንድ ወላጅ «ልጄን ተረት እያስጻፍሽ ጊዜውን አታባክኚበት» ብለውኛል። አልፈርድባቸውም። ውጤት ነው የሚያዩት። ስለዚህ ፈተና ለሚያወጡ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ከአማርኛ ፈተና ወረቀት ላይ ግማሽ ገጽ ባዶ ቦታ ተዉልን። አንድ የታሪክ መነሻ ስጡ፣ ስምንት ዐረፍተ ነገር ይጻፍ በሉ፣ ከመቶው ሃያውን ለዚያ መድቡ። ለማረም እንደሚከብድ አውቃለሁ። ለማረም እኔ አለሁ፣ ሌሎችም አሉ።

ባለፈው ሳምንት ያቺ የጅቡን ታሪክ የጻፈች ልጅ አዲስ ታሪክ ይዛ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ስለ ሁለት ቦክሰኞች ነው። ገና አልጨረሰችውም። ጣቷን አንድ ቃል ላይ አድርጋ «ቲቸር፣ እስቲ ይቺን ያንብቡልኝ» አለችኝ። ቃሉ «ይመታል» ነበር። አላልቼ አነበብኩት። «አውቄው ነበር!» ብላ ደብተሯን ይዛ ወደ ቦታዋ ሮጠች።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት የአማርኛ መምህርት